ዋይፋዩ ጓሮ አልደርስ አለን

ጥያቄ፦ የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ አባቴ ባሠሩት የድንጋይ ቤት ነው። ራውተሩ ሳሎን ነው፤ ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ። ሳሎን ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው። የ12ኛ ክፍል ልጄ የምታጠናው ግን ጓሮ ባለው የቆርቆሮ ሰርቪስ ቤት ነው። ከሳሎኑ 15 ሜትር ቢርቅ ነው፤ ቪዲዮ ግን አይከፍትላትም። ፍጥነቱን ላሳድገው ወይስ ቡስተር ልግዛ?
የልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ይተዉት። ሳሎን ደህና ከሠራ መስመሩ ጤነኛ ነው። ፍጥነት ቢጨምሩ ጥቅሙ እዚያው ሳሎን ይቀራል።

15 ሜትር ለዋይፋይ ሩቅ አይደለም። ያስቸገረዎት ግድግዳው ነው። ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ባለ ከተማ አባትዎ ወፍራም ድንጋይ በመምረጣቸው ደግ አደረጉ፤ ሞገዱን ግን ያዳክመዋል። ቆርቆሮው ደግሞ ይብሳል። ብረት ሞገዱን ወደመጣበት ይመልሰዋል፤ ሰርቪሱ ውስጥ የሚገባው በአብዛኛው በበርና በመስኮት የሚሾልከው ነው። ልጅዎ ስልኳን ይዛ ወደ ዋናው ቤት የሚያየውን መስኮት ትክፈት። ሲግናሉ ከፍ ካለ ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነው።

ዛሬውኑ ራውተሩን ከቡፌው ያውጡት። ቴሌቪዥን ኋላ መወሸቅ የለበትም። ጓሮውን ከሚያየው መስኮት አጠገብ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያስቀምጡት። አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ብዙ ሰው ጫፋቸውን ሲግናል ወደጠፋበት ክፍል ያነጣጥራል። ሞገዱ ግን በብዛት የሚወጣው ከአንቴናው ጎን ነው፤ በጫፉ በኩል ደካማ ነው።

ራውተርዎ ሁለት የዋይፋይ ስም የሚያሳይ ከሆነ ልጅዎ «5ጂ» የሚል ያልተጨመረበትን ትምረጥ። እሱ 2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ፍጥነቱ ቢያንስም ግድግዳ ያልፋል።

ይህ ካልበቃ ገንዘብዎን ለገመድ ያውጡ። ቡስተር የደረሰውን ነው የሚያስተላልፈው። ሰርቪሱ ውስጥ ቢሰኩት ያንኑ የደከመ ሲግናል ይደግመዋል። ርካሾቹ ደግሞ በአንድ ሞገድ ተቀብለው በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል። ፈተና ለሚጠብቃት ልጅ ይህ አይሆንም። የኔትወርክ ገመድ ግን እስከ 100 ሜትር ድረስ በደንብ ይሠራል። ሲገዙ ሽቦው ንጹሕ መዳብ መሆኑን ይጠይቁ፤ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ቶሎ ይሰበራል። ውጭ ስለሚዘረጋ ፀሐይና ዝናብ የሚችል ይሁን፤ በፕላስቲክ ቱቦ ይለፍ፤ ከመብራት መስመርም ይራቅ።

የገመዱን አንድ ጫፍ ሳሎን ባለው ራውተር ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ሰርቪሱ ውስጥ አሮጌ ራውተር ላይ ይሰኩታል። «ላን» የሚለው ቀዳዳ ላይ ይሁን እንጂ «ዋን» ላይ አይሁን። ከመሰካቱ በፊት የአሮጌው ዲኤችሲፒ (ለስልክና ለኮምፒውተር አድራሻ የሚያድለው ሥራ) ይዘጋ፤ የአይፒ አድራሻውም (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበት ቁጥር) ከዋናው ይለይ። አለዚያ ሁለቱ ይጋጫሉ፤ ሳሎኑም አብሮ ይቋረጣል። ይህን የሰፈርዎ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ወዲያው ያስተካክልልዎታል።

ክረምት ላይ ነጎድጓድ ሲጀምር ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ንቀሉት። ከቤት ቤት የተዘረጋ የመዳብ ገመድ የመብረቅን ጉልበት ይዞ ሊገባ ይችላል።