ከማስቲሹ በፊት

ሙያውን ገና ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

እስከ ዛሬ ሳስበው የሚያሳፍረኝ አንድ ጠርዝ አለ። ሞተርሆም ውስጥ ነው። ያው አልጋም ማዕድ ቤትም ያለው፣ ሰው እየተጓዘ የሚኖርበት መኪና ማለቴ ነው። በመስኮቱ ሥር ካለው መደርደሪያ ኤጅ ባንዱ፣ የጠርዙ ሽፋን፣ ተነስቶ ነበር። ማስቲሽ ቀባሁ፣ አዲስ ለጠፍኩ፣ ሒሳቤን ተቀብዬ ሄድኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ባለቤቱ ተመለሰ። ሽፋኑ ተልጧል። ከሥሩ ያለው ቺፑድ እንደ ራሰ ዳቦ አብጧል። ለካ የመስኮቱ ጎማ ውሃ ያስገባ ነበር። እኔ ደግሞ እርጥብ ላይ ነው የለጠፍኩት።

እና ማስቲሹን ከመክፈታችሁ በፊት ጠርዙን በአውራ ጣታችሁ ጫን አድርጉት። ከሰረጎደ ወይም ከፈረፈረ ውሃ ነክቶታል። አንዴ ያበጠ ቺፑድ ቢደርቅም ወደ ድሮ ውፍረቱ አይመለስም። መጀመሪያ ውሃው የሚገባበትን ዝጉ። ከዚያ አድርቁ፤ ይህ የሰዓታት ሳይሆን የቀናት ሥራ ነው። ያበጠውን ቆርጣችሁ አውጡ፣ የላላውን በኢፖክሲ (ሁለቱ ሲደባለቁ በሚጠነክር ሙጫ) አጠንክሩ፣ ደርቆ ሲጠነክር በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉት። ደንበኛው "ዛሬውኑ ጨርስልኝ" ይላችኋል። አትስሙት።

ውሃ ከሌለ ሙቀትን ጠርጥሩ። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። በካውያ የሚለጠፈው ኤጅ ባንድ ደግሞ ሙጫው ሲሞቅ የሚለሰልስ ነው። ፀሐይ የሚመታው ጠርዝ ላይ እኔ ማስቲሽ እመርጣለሁ፤ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ግን ቆርቆሮው ላይ አንብቡ። ጎድጎድ ውስጥ የሚገባ ባለ ምላስ ፕላስቲክ ከሆነ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርጋችሁ አስገቡት። እየሳባችሁ አትግጠሙት። ሲቀዘቅዝ ይሰበሰብና ማዕዘኑ ላይ ክፍተት ይተውላችኋል።

ጠርዙን ያበላሸው ውሃም ሙቀትም ሳይሆን የሰው አኗኗር ሲሆን ደስ ይለኛል። መተላለፊያው ጠባብ ነውና ጠርዙ ሰውየው እንዴት እንደሚኖር ይናገራል። ወገብ ላይ የተጫረ ከሆነ የቀበቶ ዘለበት ነው። ከታች የተላጠ ከሆነ ወደ አልጋ ሲወጣ የሚረግጥበት ነው። እንዲህ ያለው ቦታ ላይ ሽፋን ብቻ ብትቀይሩ ያው ይመለሳል። ሹሉን ማዕዘን አለዝቡት፣ ወይም የሚመታውን ያህል ብቻ ቀጭን አሉሚኒየም ግጠሙ። ዙሪያውን አይደለም። ብዙዎቹ ሞተርሆሞች ጠቅላላ ክብደታቸው 3,500 ኪሎ እንዳያልፍ ተብለው የተሠሩ ናቸው፤ ዕቃቸው ቀጭንና ቀላል የሆነውም ለዚህ ነው። አንድ ተለማማጄ "ጠንካራ እንጨት ብንገጥምለትስ?" ብሎኝ ነበር። ሐሳቡ ለቤት ጥሩ ነው።

አለጣጠፉ ብዙ አያስወራም። ማስቲሹን ሁለቱም ፊት ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ጣት ሲነካው የማይለጠፍ እስኪሆን፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ጠብቁ። አንዴ ከተነካካ ወዲህ ወዲያ ማለት የለምና ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ እየተጫናችሁ ሂዱ። ትርፉን በሞረድ ስታነሱ ወደ እንጨቱ ግፉ። ወደ ውጭ ከሳባችሁት የለጠፋችሁትን ራሳችሁ ትነቅሉታላችሁ።

አንድ ነገር ግን በቁጣ ነው የምነግራችሁ። ከማስቲሽ የሚወጣው ትነት እሳት ይይዛል። የሞተርሆም ማቀዝቀዣና የውሃ ማሞቂያ ብዙ ጊዜ በጋዝ ነበልባል ነው የሚሠራው። ሲሊንደሩን ሳትዘጉ፣ በርና መስኮት ሳትከፍቱ ክዳኑን እንዳትነኩ። ክፍሉም ትንሽ ስለሆነ ጭንቅላት ያዞራል፤ እየወጣችሁ አየር ውሰዱ።

ያን መደርደሪያ በነፃ ደግሜ ሠራሁት። መጀመሪያ የነቀልኩት ግን መስኮቱን ነበር።