የከተማ ሙቀትን ለማስተማር ደሴና ኮምቦልቻ ይወዳደራሉ?

መምህር፣ ከተማ ከዙሪያው ገጠር እንደሚሞቅ ለተማሪዎችዎ ለማሳየት ደሴንና ኮምቦልቻን ላወዳድር ወይ ብለዋል። እኔ አልመክርም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ፣ ከፍታው ብቻውን አራት ዲግሪ ያህል ያለያያቸዋል። ተማሪው የደጋና የወይና ደጋን ልዩነት የአስፋልት ሥራ አድርጎ ይይዘዋል።

ይልቅ ከኮምቦልቻ አይውጡ። አንዱን ቴርሞሜትር አስፋልት ዳር፣ ሌላውን በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ባለ ሣር ሜዳ፣ ሁለቱንም ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርገው ጥላ ውስጥ ይስቀሉ። ቦርከና ወንዝ ዳር ግን አይሁን፤ ማታ ቀዝቃዛ አየር ወደ ዝቅታው ስለሚወርድ ውጤቱን ያዛባል። አስቀድመው ጎን ለጎን አስቀምጠው እኩል ማንበባቸውን ያረጋግጡ።

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ቀትር ላይ ሳይሆን ጀንበር ከጠለቀች በኋላ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ሲረጋ ነው፤ አስፋልትና ኮንክሪት ቀን የጠጡትን ሙቀት የሚመልሱት ያኔ ነው። ቆርቆሮ ግን ስስ ስለሆነ ቀን እጅ ቢያቃጥልም ማታ ፈጥኖ ይበርዳል፤ ይህንን ተማሪዎቹ ራሳቸው ዳስሰው ቢያነጻጽሩት ደስ ይላቸዋል። ክረምቱን ይለፉትና በኅዳር ይሞክሩት።