13 ቁልፌ ያልገባበት ብሎን

የሙያ ታናሾቼ፣

ባለፈው ሰኔ፣ እሁድ ጠዋት፣ የወንድሜን ልጅ ይዤ በእንግሊዝ ካለችው ሊድስ ከተማ ሌክ ዲስትሪክት ወደሚባለው የሐይቆች አካባቢ እየነዳሁ ነበር። ኢንግልተን የምትባል መንደርን አለፍ እንዳልን አንድ አዛውንት መንገድ ዳር ሣር ላይ ተንበርክከዋል። አጠገባቸው ሞተር ሳይክል ቆሟል። እኔ ከአርባ ዓመት በላይ በጋራዥ ሥራ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ ሶማሌ ተራ አካባቢ፣ ከዚያ እዚህ እንግሊዝ አገር። የቆመ ሞተር አይቼ ማለፍ አልችልም። መኪናዋን አቆምኩ።

በፈረንጆች አቆጣጠር የ1966 ትራያምፍ ቦንቪል፣ የእንግሊዝ ሥሪት ሞተር ነው። 650 ሲሲ፣ ሁለት ፒስተን ጎን ለጎን። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ፤ የዛሬዎቹ ተቃራኒ።

«ቆመብዎት?» አልኳቸው።

«አልቆመም። ከሴትል ከተማ ጀምሮ ድምፁ ስላላማረኝ እኔ ነኝ ያቆምኩት» አሉኝ።

ይህችን መልስ ያዙልኝ።

በካቻቢቴ ሁለት ብሎን ፈትተው በሞተሩ ቀኝ በኩል ያለውን ክብ ክዳን አነሱ። ከሥሩ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያስነሱት ትንንሽ መነካኪያዎች አሉ። አንደኛው ፊቱ ጠቁሯል። በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሽተው አጸዱት። ከዚያ የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት መሃላቸው አስገብተው፣ በአንድ እጅ ወረቀቱን ሳብ እያደረጉ በሌላው ሞተሩን ቀስ ብለው አዞሩት። ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ሲወጣ መነካኪያው ተከፈተ ማለት ነው፤ እሳቱ የሚነሳው በዚያች ቅጽበት ነው። የወንድሜ ልጅ ቪዲዮ ሊቀርጽ ስልኩን አውጥቶ ነበር። ረስቶት ቁጭ ብሎ ሲያይ አየሁት።

የማርሚታው ማሰሪያም በንዝረት ላልቶ ነበር። ሮጬ በሚሊሜትር የሚለካውን 13 ቁልፌን አመጣሁ። አልገባም። 12ቱም 14ቱም እንቢ አለ። አዛውንቱ የራሳቸውን ሰጡኝ። ብሎኖቹ ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1841 ካወጣው የእንግሊዝ ልኬት የመጡ ናቸው። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ጭንቅላት ስፋት አይደለም የሚናገረው፤ የግንዱን ውፍረት ነው። አርባ ዓመት ሠርቼ ይህን በእጄ የነካሁት ያን ቀን ነው። ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ተከትለናቸው ከርክቢ ሎንስዴል ከተማ ጫፍ ወዳለው ዴቪልስ ብሪጅ ሄድን። ሉን ወንዝ ላይ ያለ የድንጋይ ድልድይ ነው፤ እሁድ እሁድ ሞተረኞች ይሰበሰቡበታል። ሁሉም የድሮ የእንግሊዝ ሞተሮች፦ ኖርተን ኮማንዶ ነበር፣ ቢኤስኤ ነበር፣ ጭስ ማውጫው እንደ ዓሣ ጅራት የሆነ ቬሎሴት ነበር። ሁሉም ሥር ጠብ ጠብ ያለ ዘይት አለ።

ስለዚህ ዘይት ልንገራችሁ። የእነዚህ ሞተሮች የታችኛው አካል ከላይ እስከ ታች ለሁለት የተከፈለ ነው፤ መጋጠሚያው ዘይቱ ባለበት በታች ያልፋል። ማኅተሙ ትንሽ ሲደክም ያፈሳል። የትራያምፍ መሐንዲስ ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ያወጣው ባለ ሁለት ፒስተን ሞተር ድንቅ ነበር፤ ግን መሠረቱ ሳይለወጥ አሥርት ዓመታት ተሸጠ። ነጂዎቹ ሥሩ ሳህን እያስቀመጡ ኖሩ። «የእንግሊዝ ሞተር ካላንጠባጠበ ዘይቱ አልቋል ማለት ነው» ይባላል። ብዙ ሰው ይስቅበታል። እኔን አያስቀኝም፤ ቀልድ የሆነው የደንበኛ አቤቱታ ነዋ። በ1969 የጃፓኑ ሆንዳ ሲቢ750 የተባለውን ሞተር አመጣ። አግድም የተከፈለ፣ መጋጠሚያው ከዘይቱ በላይ፣ በኤሌክትሪክ የሚነሳ፣ ፊቱ ዲስክ ፍሬን ያለው። የትራያምፍ ባለቤት የነበረው የቢኤስኤ ኩባንያ በ1973 ወደቀ። የትራያምፍ ሠራተኞች በዚያው ዓመት ሜሪደን ያለው ፋብሪካቸው እንዳይዘጋ ውስጡ ገብተው ተቀመጡ፤ በኋላም ራሳቸው በኅብረት ሥራ አስተዳደሩት፤ እሱም በ1983 ተዘጋ። ትራያምፍ በሌላ ባለቤት እጅ ሂንክሊ በምትባል ከተማ ዳግም ተነሳ። ለመውደቃቸው የገንዘብና የአስተዳደር ምክንያትም ነበር፤ የእኔ ፍርድ ግን ጆሮ ነው።

ልጆቼ፣ እነዚያ አዛውንት ሞተሩ ሳይቆምባቸው ሰምተውታል። ፋብሪካው አልሰማቸውም። እናንተ ዛሬ ኮምፒውተር ሰክታችሁ የብልሽት ኮድ ታነባላችሁ። አንብቡ፣ ጥሩ መሣሪያ ነው። ኮዱን ከማየታችሁ በፊት ግን ሞተሩን አስነስታችሁ አንድ ደቂቃ ስሙት። ባለመኪናውንም ስሙት። «አንድ ነገር ይንኳኳል» ሲላችሁ «ምንም የለውም» ብላችሁ አትመልሱት። እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ብዬ የመለስኩት ሰው በማግስቱ መኪናው ተጎትታ መጣች። ኩሽኔታው አልቆ ነበር። ፊቱን አልረሳውም።

ልንለያይ ስንል አዛውንቱ በሁለቱ ካርቡሬተሮች ላይ ያሉትን ትንንሽ ቁልፎች ቤንዚን ጣታቸውን እስኪያርሰው ተጫኑ። ማስነሻውን አንዴ ረገጡ። ተነሳ። ግን ወዲያው አልሄዱም፤ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ጥቂት ቆዩ።

እንግሊዝ አገር ያላችሁ አንድ እሁድ ወደዚያ ድልድይ ሂዱ። ስንት ኪሎ ሜትር ይሮጣል ብላችሁ አትጠይቁ፤ እሱ መጽሐፍ ላይ አለ። «በመጨረሻ የተበላሸብዎት ምንድነው? እንዴት አወቁት?» በሏቸው። ሻይ ገዝታችሁ ተቀመጡ፤ ወሬው ረጅም ነው።