ብሩ የራሴ ሆኖ «ወጪ» የሚባለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ እናቴ 5 ሺህ ብር ልታወጣ ባንክ ሄደን ቅጹን እየሞላሁላት ነበር። ከላይ «የገንዘብ ወጪ ማድረጊያ» ይላል። ሳነብላት «ብሩ የራሴ፣ ገና እጄ ሊገባ ነው፤ ምኑ ነው ወጪ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ወጪ ማለት ለኪራይ፣ ለአስቤዛ የሚከፈለው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ እናትዎ የጠየቁት ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው።

«ወጪ» የተገኘው «ወጣ» ከሚለው ግስ ነው። «ሰጠ» ብለን «ሰጪ» እንደምንል፣ «ወጣ» ብለን «ወጪ» አልን። እንግዲህ ቃሉ በመሠረቱ «የሚወጣ» ማለት ብቻ ነው። ተከፍሎ መጥፋት የሚባል ነገር በውስጡ የለም። የማኅበር ወይም የሱቅ ደብተር ገለጥ አድርገው ይዩ፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ይላል። ሦስቱም የተሠሩት በአንድ ቅርጽ ነው፦ የሚገባ፣ የሚወጣ፣ የሚቀር። እኔ ይህን ባየሁ ቁጥር የቋንቋው ሥርዓት ይገርመኛል።

ታዲያ የሚወጣው ከየት ነው? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ባንኩ የሚያየው ከሂሳቡ በኩል ነው። ብሩ ከሂሳቡ ወጥቶ እናትዎ ቦርሳ ገባ። እኛ ደግሞ ቤት ውስጥ «የዚህ ወር ወጪ በዛ» ስንል የምናየው ከኪሳችን በኩል ነው።

ሁለቱን የሚለዩልን «ከ» እና «ለ» ናቸው። «ከባንክ 5 ሺህ ብር አወጣች» ሲባል ብሩ አሁንም እጇ ላይ ነው። «ለሕክምና 5 ሺህ ብር አወጣች» ሲባል ግን ተከፍሏል። «ወጪ አደረገች»ም እንደዚሁ ነው። «ከ»ም «ለ»ም ሳይኖር «5 ሺህ ወጪ አደረግሁ» ካሉ ሰሚው ከፈሉት ብሎ ነው የሚረዳው።

ቃሉ ከገንዘብ ውጭም ይሠራል። መዝገብ ቤት ወጪ ደብዳቤ አለ። ከንብረት ክፍል ዕቃ ሞዴል 22 በሚባለው የዕቃ ማውጫ ቅጽ ወጪ ይሆናል። ቡና ወደ ውጭ ሲላክ ወጪ ንግድ ይባላል። ዶላር የሚያስገባልን ንግድ ስሙ «ወጪ» መሆኑ ግራ ያጋባል፤ የተሰየመው ግን በሚወጣው ቡና ነው።

«ወጪ ወራጅ» ግን ለየት ይላል። «ወጣ» ዳገትም ስለሚወጣ፣ እዚህ ላይ ጓደኛው «ገቢ» ሳይሆን «ወራጅ» ነው። በር ላይ ተቀምጠን ወጪ ወራጁን ስናይ፣ የምናየው ሽቅብና ቁልቁል የሚለውን መንገደኛ ነው።

ለእናትዎ እንግዲህ እንዲህ ይበሏቸው፦ «ወጪ የተባለው ከሂሳብሽ ስለወጣ ነው፤ ላንቺ ገቢ ነው።»