ወደ ገጠር ሄዶ መስበክ የማይችል ምእመን በወንጌል ተልእኮ ምን ድርሻ አለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ በአንድ የንግድ ድርጅት በሂሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የአዲስ አበባው አጥቢያችን በየዓመቱ የሚስዮን ሳምንት ያዘጋጃል። ሳምንቱ ሲያበቃ የቃል መግቢያ ቅጽ እንሞላለን፤ ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ዓመት ድረስ ጉዳዩን የሚያነሣው የለም። እኔም እረሳዋለሁ። ባለፈው ዓመት ሁለት ሺህ ብር ለመስጠት ቃል ገብቼ ግማሹን እንኳ አልከፈልኩም፤ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ቤቴን ጥዬ ወደ ገጠር መሄድ አልችልም። ታዲያ የእኔ ድርሻ ገንዘብ ማዋጣት ብቻ ነው? በሥራ ቦታዬስ የመመስከር ግዴታ አለብኝ?

መልስ፦ በጌታ የተወደድሽ እህቴ፣ ጸጋና ሰላም ይብዛልሽ። አስቀድሜ የምለምንሽ የሚስዮን ሳምንቱን እንዳትንቂው ነው። ከዚያ ሳምንት በሚሰበሰበው ገንዘብ የሚኖሩ የወንጌላውያን ቤተ ሰቦች አሉ። የሚያሳዝነው የቀሩት ሃምሳ አንድ ሳምንታት ባዶ መሆናቸው ነው። ይህ የሚሆነው ደግሞ በእኔ እምነት የምንልካቸውን ሰዎች ስለማናውቃቸው ነው። «ወንጌል ያልደረሳቸው» እያልን በጅምላ እንጸልያለን፤ በጅምላም እንሰጣለን። ፊቱን የማታውቂውን ሰው በጸሎት ማስታወስ ይከብዳል።

ሦስተኛዋን የዮሐንስ መልእክት አንዴ ቁጭ ብለሽ አንብቢያት። አንድ ምዕራፍ ብቻ ናት፤ ስትሰበክ ግን ብዙም አንሰማም። መልእክቷ የተጻፈችለት ጋይዮስ መንገድ ስለ መሄዱም ሆነ ስለ መስበኩ የተጻፈ ነገር የለም። ስለ ጌታ ስም የወጡ፣ ከአሕዛብም ምንም የማይቀበሉ ወንድሞች ወደ እርሱ መጡ፤ እንግዶች ቢሆኑም ተቀበላቸው። እነርሱም ተመልሰው ስለ ፍቅሩ በቤተ ክርስቲያን ፊት መሰከሩለት። ዮሐንስ የሚለምነውም ለጉዟቸው የሚያስፈልጋቸውን ለእግዚአብሔር በሚገባ መንገድ አሟልቶ እንዲሸኛቸው ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ለእውነት አብረው የሚሠሩ እንደሚሆኑ ይነግረዋል። አስተውዪ፤ ቤቱን የከፈተውና ስንቅ ያሰናዳው ሰው የተቆጠረው ከሠራተኞቹ ጋር ነው። በዚያው መልእክት ውስጥ የተወቀሰው ዲዮጥራጢስ ደግሞ እንግዶቹን አልቀበልም ከማለቱም በላይ ሊቀበሏቸው የሚወዱትን ይከለክል ነበር።

አሁን ወደ እኛ ቤት እንምጣ። ከሩቅ ወረዳ የመጣ ወንጌላዊ እሑድ ጠዋት በከተማ አጥቢያ መድረክ ላይ ይቆማል። ከማስታወቂያ በፊት አምስት ደቂቃ ይሰጠዋል። ያጠመቃቸውን ሰዎች ቁጥር ይናገራል፤ እልል ይባላል፤ ይጨበጨባል። አምልኮው ሲያበቃ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል፤ እርሱ ቦርሳውን ይዞ የአልጋ ዋጋ ወደሚረክስበት ሰፈር ታክሲ ይጠብቃል። ሚስቱ ታማ እንደሆነ፣ በክረምት መንገዱ ሲቆረጥ ምን እንደሚበሉ የጠየቀው ሰው የለም። ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ባየሁት ቁጥርም ልቤ ያዝናል። ገንዘቡን ልከንለት ሰውየውን ረስተነዋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው። የቤት ኅብረታችሁ ከሽማግሌዎች ጋር ተነጋግሮ አንድ የወንጌላዊ ቤተ ሰብ ይያዝ። አንድ ብቻ። የባልና የሚስቱን፣ የልጆቹንም ስም እወቁ። በወር አንድ ቀን ስልክ ደውሉላቸው፤ ሪፖርት አትጠይቁ፤ «እንዴት ከረማችሁ?» በሉ። በሚቀጥለው ኅብረት የሰማችሁትን ይዛችሁ ጸልዩ። ዐሥራ አምስት አባወራዎች በየወሩ ሁለት መቶ ብር ቢያዋጡ ሦስት ሺህ ብር ይሆናል። ይህ ገንዘብ በየወሩ በታወቀ ቀን ቢደርሰው፣ ወንጌላዊው በዓመት አንዴ ከሚመጣ ትልቅ ስጦታ ይልቅ ይጠቅመዋል፤ የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ዓመት አይጠብቁምና። ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ማረፊያው የእናንተ ቤት ይሁን። ልጆችሽ ከእርሱ ጋር እንጀራ ሲቆርሱ ስለ ተልእኮ የሚማሩት፣ ከየትኛውም የሰንበት ትምህርት የሚያገኙትን ያህል ነው።

ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በወላይታ የሆነውን አስቢ። የውጭ ሚስዮናውያን እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ሶዶ መጡ፤ በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት አገሩን ለቀው ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። በገዛ ቋንቋቸው በእጃቸው የነበረው የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች ነው። መሪዎቻቸው ታሰሩ፤ ተገረፉ። እስረኛን የሚመግበው የገዛ ዘመዱ በነበረበት ዘመን፣ አማኞቹ ዘመድ ላልሆኗቸው እስረኞች ጭምር ምግብ ይዘው ወደ ወኅኒ ይመላለሱ ነበር። ያየው ሁሉ ተደነቀ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ የጠበቋቸው አማኞች ወደ 10,000 ይጠጉ ነበር። ያን ጊዜ የሚስዮን ክፍል፣ በጀት ወይም ቅጽ አልነበረም። ምግብ ተሸክመው የሄዱት እናቶች ሰባኪ አልተባሉም፤ ሰዎች ወደ ወንጌል ከቀረቡባቸው ነገሮች አንዱ ግን የእነርሱ ፍቅር ነበር።

ለሽማግሌዎቻችሁ ደግሞ አንድ ሐሳብ አድርሺልኝ። ከአጥቢያችሁ በየዓመቱ ወጣቶች በሥራ ምደባ ወደ ክልሎች ይሄዳሉ፤ ነርሶች፣ መምህራን፣ መሐንዲሶች። ቤተ ክርስቲያን የምታደርግላቸው መሸኛ ደብዳቤ መጻፍ ብቻ ነው፤ ከዚያ ከመዝገብ ይወጣሉ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ላይ በአንጾኪያ ለግሪክ ሰዎች ወንጌልን የተናገሩት በስደት የተበተኑ፣ ስማቸው እንኳ ያልተጻፈ የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች ናቸው። በእነርሱ የተጀመረችው ያቺ ቤተ ክርስቲያን ኋላ በርናባስንና ሳውልን እጅ ጭና ላከች። እኛም ወደ ጋምቤላ የተመደበችውን ነርስ በጉባኤ ፊት አቁመን ብንጸልይላት፣ በደረሰችበትም ብንደውልላት ምን ይጎድልብናል? ወደ ዐረብ አገር ለቤት ሥራ ስለሚሄዱት እህቶችም እንዲሁ። ለሶርያው የጦር አለቃ ለንዕማን ፈውስ መንገድ ያሳየችው ተማርካ የሄደች የቤት አገልጋይ ናት። አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ፤ የሚሄዱበት አገር ሕግ ጥብቅ ነው፤ ማንም በሩቅ ሆኖ «ስበኪ» እያለ ሸክም እንዳይጭንባቸው። ጸሎታችንና የሚያጽናና ቃላችን ይድረሳቸው።

ስለ ሥራ ቦታሽ ጠይቀሻል። የሥራ ሰዓት የአሠሪሽ ነው፤ ሰዓቱን ለስብከት መውሰድ ምስክርነቱን ያበላሸዋል። በሂሳብ ሠራተኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚታየው መዝገቡ ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ አስገቢ ስትባዪ በትሕትና እንቢ በዪ፤ ምክንያቱን የሚጠይቅሽ ሰው አይጠፋም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በእናንተ ስላለው ተስፋ ለሚጠይቃችሁ መልስ ለመስጠት የተዘጋጃችሁ ሁኑ ሲል፣ በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን ብሎ ጨምሯል። በቢሮሽ ከሌላ እምነት ወይም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የሆኑ ባልደረቦች ይኖራሉ። የእነርሱን እምነት አታጣጥዪ። ሐዘን ሲገጥማቸው ለቅሶ ድረሺ፤ ሲታመሙ ጠይቂ፤ ለችግረኛ የምታደርጊውን እርዳታ እንዲያምንልሽ ማባበያ አታድርጊው። ሰው ቢያምንም ባያምንም እርዳታው ይድረሰው።

ቃል ስለገባሽው ገንዘብ ደግሞ፣ በመጀመሪያ ፈቃድ ካለ ስጦታው የሚወደደው ሰው ባለው መጠን እንጂ በሌለው መጠን እንዳልሆነ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል። ሆኖም ዝም አትበዪ። የአጥቢያውን ገንዘብ ያዥ አግኝተሽ ያለሽበትን ሁኔታ ንገሪው። በየወሩ መቶ ብርም ቢሆን ልትከፍዪ የምትችዪውን ወስኚና ከእርሱ ጋር ተስማሚ። የዘንድሮውን ቅጽ ከመሙላትሽ በፊት ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የቤታችሁን ወጪ አስሉ፤ የምትጽፊው ቁጥር ሁለታችሁም የምትስማሙበት ይሁን።