ስልክ ልግዛ ወይስ ሴሚስተሩን ልክፈል?

ደብዳቤው ረጅም ነበር፤ ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። የ28 ዓመት ሴት ነኝ። መርካቶ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቼ ማታ 1 ሰዓት እወጣለሁ፤ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት ነው። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሁድ ማስተርሴን እማራለሁ። ስማርት ስልኬ ታክሲ ውስጥ ከተሰረቀ 7 ወር ሆነው፤ አሁን የያዝኩት ቁልፍ ያላት ትንሽ ስልክ ናት። በቅርቡ እቁብ ደረሰኝ። ጓደኞቼ ‹ደህና ስልክ ግዢ፣ ጊዜሽ ይስተካከላል› ይሉኛል። እኔ ደግሞ የሚቀጥለው ሴሚስተር ክፍያ ያሳስበኛል። እውነት ስልክ ጊዜ ይቆጥባል? እርስዎ ምን ይላሉ?»

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩና ቁጭ ብዬ ደመርኩ። በቀን 11 ሰዓት፣ የምሳዋ አንድ ሰዓት ስትቀነስ 10። በ5 ቀን 50። የቅዳሜዋ 4 ስትጨመር 54። መንገዱን አልቆጠርኩም፤ ትምህርቱንም አልቆጠርኩም። እንግዲህ አንቺን «ጊዜ አጠቃቀም አትችልም» ለማለት አፌ አይደፍርም። ሥራ ነው የበዛብሽ። ሁለቱ ለየቅል ናቸው፤ ጓደኞችሽ ግን አንድ አድርገዋቸዋል።

ቢሆንም ስልክ ከንቱ ነው አልልም። በደንብ የሚያግዝሽ አንድ ነገር አለ፤ ጭንቅላትሽ ውስጥ የምትሸከሚውን ያወርድልሻል። «የዚያ ደንበኛ ቼክ ረቡዕ ነው የሚመነዘረው፣ እንዳልረሳ፣ እንዳልረሳ» እያልሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ ትቆሚያለሽ አይደል? ያ ነገር እንደታወሰሽ ስልኩ ላይ ከነሰዓቱ ብትጽፊው ሰልፉ ላይ በሰላም ትቆሚያለሽ። ቴሌግራምም ላይ ለራስሽ መልእክት ጽፈሽ በሰዓቱ እንዲያስታውስሽ ማድረግ ይቻላል።

ግን ሰዓቱን ተጠንቀቂ። እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። አንድ መሥሪያ ቤት ለሥራ ፈላጊዎች ቃለ መጠይቅ ላይ ተቀመጥልን ብሎኝ ነበር፤ ከሰዓት 8፡30። እኔም ስልኬ ላይ 8፡30 ብዬ ሞላሁ። ስልኩ ታዲያ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያስበው፤ በማግስቱ ጠዋት 2፡30 ላይ ጮኸ። ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ «ገና ነው» ብዬ አጠፋሁት። ከሰዓት ዝም አለ። ስድስት ልጆች ኮሪደር ላይ ተቀምጠው እኔን ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ ስመዘግብ ርዕሱ ላይ «ከሰዓት 8፡30» ብዬ በኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ማንቂያውን ደግሞ በፈረንጁ እሞላለሁ። ደግ ነው፣ ሁለቴ እንዳስብ ያስገድደኛል። ለቃለ መጠይቅ ስትጠሪም «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ለሂሳብ ሰው ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለ፤ ቀኑ። የደመወዝ ግብር፣ የጡረታ መዋጮ፣ ቫት፣ ሁሉም የሚሄደው በኛ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ማስታወቂያ የሚያበቃው ጥቅምት 30 ነው። የስልኩ ካላንደር ግን በፈረንጅ ነው። «በየወሩ በዚህ ቀን አስታውሰኝ» ብትይው የነሱ ወር አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ አንዴ 28 ስለሚሆን ማስታወሻሽ ከኛ ቀን ወዲያና ወዲህ ይላል። ዘዴው ቀላል ነው። የኛ ወር ሁሉ 30 ነውና «በየ30 ቀኑ ድገም» ብለሽ ሙይው። መስከረም 25 ብትጀምሪ እስከ ነሐሴ 25 ንቅንቅ አትልም። ጳጉሜን ስታልፍ 5 ቀን ትቀድማለች፤ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 6። መስከረም ላይ አንዴ ማስተካከል ነው። ይህቺ ብቻ ከስንት ቅጣት ታድናለች።

አሁን ወደማይወራው ነገር ልምጣ። ያቺ ትንሽ ስልክሽ ሳታውቂው አጥር ሆናልሻለች። አለቃሽ ማታ 3 ሰዓት ላይ «እስቲ የዚያን ደረሰኝ ፎቶ ላኪልኝ» ሊልሽ አይችልም፤ ስልክሽ አትቀበልማ። ስማርት ስልክ የገዛሽ ዕለት የድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ትገቢያለሽ። 54ቱ ሰዓት ሳይታወቅሽ 60 ይሆናል። ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ጊዜ ሊቆጥብ ገዝቶ እራት ላይ እንኳ ግሩፑን ሲከፍት የሚያመሽ።

ስለዚህ ከገዛሽ ከመጀመሪያው ቀን አጥሩን እንደገና ሥሪ። የግሩፑን ድምፅ አጥፊ። «አስቸኳይ ከሆነ ደውሉልኝ» በይ፤ ለመደወል የሚደፍር ትንሽ ነው። ማታ መሥራት የግድ ከሆነብሽ እንኳ መልሱን ወዲያው አትላኪ። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቀስት ጫን አድርገሽ ስትይዢው መልእክቱ በሌላ ሰዓት እንዲሄድ ማድረጊያ ይወጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ብለሽ ሙይው። ማታ 4 ሰዓት ላይ አንዴ የመለሰ ሰው ሁልጊዜ እንዲመልስ ይጠበቅበታል። ቲክቶክን በተመለከተ ምክር የለኝም፤ እኔም አልተሳካልኝም። ከ2 ሳምንት በኋላ ግን ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ በቀን ስንት ሰዓት ስክሪኑ ላይ እንደቆየሽ እይው። ራሱ ይነግርሻል።

መንገዱ ላይ በጆሮ ማዳመጫ የትምህርት ቅጂ መስማት ይቻላል። ማታ ሲመለሱ ይመቻል። ጠዋት ግን ወንበር ካገኘሽ ተኚ። ገንዘብ ለመላክና ካርድ ለመሙላት ደግሞ ስማርት ስልክ አያስፈልግም፤ ቴሌብር በትንሿም ስልክ በ*127# ይሠራል።

ዋናው ሥራ ስልክ እስክትገዢ አይጠብቅም። ከነገ ጀምረሽ ለ4 ሳምንት ሰዓትሽን መዝግቢ። ደብተርም ይበቃል። የገባሽበት፣ የወጣሽበት፣ ከ11 ሰዓት በኋላ ደግሞ በምን ምክንያት እንደቆየሽ። «የሽያጭ ደረሰኝ ስጠብቅ፣ 50 ደቂቃ»። «ያልታረቀ የባንክ ሂሳብ፣ 1 ሰዓት»። ምክንያቱን አትዝለዪ፤ ወርቁ እሱ ነው።

ለምን መሰለሽ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ያንቺ 6 ሰዓት ትርፍ አለው። የትርፍ ሰዓት ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ስለሆነ ጣሪያውን አላለፍሽም፤ ክፍያው ግን ይገባሻል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ላለው ትርፍ ሰዓት የሚከፈለው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ነው። አዋጁ የሥራ መሪ የሆነን ሰው አይመለከትም፤ የቅጥር ውልሽ ምን እንደሚል አውጥተሽ እይ።

አዋጁን ይዘሽ ዘው ብለሽ ግቢ ማለቴ ግን አይደለም። እንጀራሽ ነው። መጀመሪያ ወሩ እስኪዘጋ ጠብቂ፤ ሂሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ማንም ጆሮ የለውም። ከዚያ እንዲህ በዪው፦ «ጋሼ፣ ባለፉት 4 ሳምንታት ከ48 በላይ 24 ሰዓት ሠርቻለሁ። ከዚህ 9 ሰዓቱ ደረሰኝ ስጠብቅ ያለፈ ነው። ሽያጮች ደረሰኙን በየቀኑ እስከ 10 ሰዓት ቢያስረክቡኝ ብዙውን ቀን ማምሸት አያስፈልገኝም። የቀረውን ደግሞ በትርፍ ሰዓት እንዴት እንደምንይዘው ብንነጋገር።» ቁጥሩን ያንቺን አስገቢበት። አለቃሽ ነጋዴ ነው፤ ከእሮሮ ይልቅ ሂሳብ ይገባዋል። አሻፈረኝ ካለም መዝገቡ በእጅሽ ነው። ሌላ ሥራ ስትፈልጊም ስንት ሰዓት እንደምትሸጪ አውቀሽ ትደራደሪያለሽ።

ወደ እቁቡ ስንመጣ፣ ሴሚስተሩን ክፈይ። የቀረው ካለ መካከለኛ ስልክ ግዢ፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ይሁን። ቴሌግራሙን መሥሪያ ቤትሽ በማያውቀው ቁጥር ክፈቺው። ቀፎውን ደግሞ ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ አታውጪው፤ ይሄን እንኳ አንቺ ከኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።