ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከጨረር ሕክምና በኋላ የሚያመልጥ ሽንት በስልክ ይታከማል?

ጥያቄ፦ የ46 ዓመት የጅማ ነዋሪ ነኝ። የማህፀን በር ካንሰር ታምሜ የጨረርና የኬሞቴራፒ ሕክምና ከጨረስኩ አምስት ወር ሆኖኛል። ሳስል ወይም ጀሪካን ሳነሳ ሽንት ያመልጠኛል፤ ከባለቤቴ ጋር ስንገናኝም ያመኛል። አዲስ አበባ ያለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በቪዲዮ ላሠራሽ ብላኛለች። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ ነገር ግን አስቀድመው አንድ ጊዜ በአካል መመርመር ይኖርብዎታል። ፊኛን፣ ማህፀንንና ፊንጢጣን ከታች ደግፈው የሚይዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ከጨረር በኋላ በአንዳንዷ ሴት ይላላሉ፣ በሌላዋ ደግሞ ተኮማትረው ይቀራሉ። የላላውን ማጠንከር ይጠቅማል፤ የተኮማተረውን ማጠንከር ግን ሕመሙን ያባብሳል። ሽንትም እያመለጠዎት ሕመምም ስላለብዎት፣ ማጠንከሩ ወይስ ማፍታታቱ እንደሚቀድም የሚለየው የሐኪም እጅ እንጂ ካሜራ አይደለም። ምርመራው የሽንት ኢንፌክሽን አለመኖሩንና ካንሰሩ አለመመለሱን ለማየትም ይረዳል፤ ለዚህም 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ሳያስፈልግ እዚያው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የማህፀን ሐኪም ያማክሩ።

ማጠንከሩ ከተፈቀደልዎ እንደ ጅማ በርጩማ ያለ ጠንካራ መቀመጫ ላይ ቢሆኑ ጡንቻው ወደ ላይ ሲሳብ በደንብ ይታወቅዎታል። ሽንትና የሆድ አየር እንዳያመልጥ እንደሚያደርጉት ቋጥረው ከ6 እስከ 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ያንኑ ያህል ያሳርፉ፤ 10 ጊዜ እየደጋገሙ በቀን ሦስት ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይሥሩ። ትንፋሽዎን አያፍኑ። ሽንትን መሐል ላይ እያቋረጡ መለማመድ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ነው። ከማሳልዎና ጀሪካኑን ከማንሳትዎ በፊትም አስቀድመው ይቋጥሩ።

የግንኙነቱ ሕመም ጨረሩ ብልትን ከማድረቁና ከማጥበቡ ሊመጣ ስለሚችል፣ ሐኪምዎ ውኃ መሠረት ያለው ማለስለሻና የማስፊያ መሣሪያ ሊያዝልዎ ይችላል። እስኪሻልዎ ድረስ ሕመሙን ችለው ግንኙነት አያድርጉ፤ ባለቤትዎም ምክንያቱን ቢያውቁ መልካም ነው።

ለቪዲዮው በር የሚዘጋ ክፍል ይምረጡ፤ ኔትወርክ ቢደክም በድምፅ ብቻም መመሪያውን መከታተል ይቻላል። ለዚህ ትምህርት ልብስ አውልቆ በካሜራ መታየት አያስፈልግም። ቡና ፊኛን ሊያስቆጣ ይችላል፤ የጅማን ሰው ቡና ተዉ ለማለት አልደፍርም፣ ከአቦል በኋላ ግን ቶናውንና በረካውን ቢያልፉት ይሻላል። ሽንት ያመልጠኛል ብለው ውኃ መጠጣት አይቀንሱ፤ የወፈረ ሽንት ፊኛን ያስቆጣል።

አዲስ ደም መፍሰስ፣ ሽንት ወይም ሰገራ ውስጥ ደም፣ ወይም ትኩሳት ካዩ የስልክ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይሂዱ። ሳያስሉም ሳይነሱም ሽንት ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚንጠባጠብ ከሆነ ደግሞ በፊኛና በብልት መካከል ቀዳዳ ተከፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህን የትኛውም እንቅስቃሴ አይደፍነውም።